በወረቀት የሞተው ፈረስ

በፈረስ ኮቴ በሽታ ከኩርሙክ እስከ ባምባሲ የሚወዳደረኝ አልነበረም፤ ኧረ ካርቱም ድረስ ብትሄዱም አታገኙም። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። አሶሳ ያለው የእንስሳት ሕክምና ቢሮአችን ወንበር ሳይደርሰው የደም መመርመሪያ ማሽን ደርሶት፣ ማሽኑ ተቀምጦ እኔ ቆሜ እንሠራ ነበር። ከአንዲት ጠብታ ደም የኮቴን ሕመም አወጣለሁ ብዬ ለሰማም ላልሰማም አውርቻለሁ።

ከሰሙት አንዱ የሆሞሻ ነጋዴ ነበሩ። ገንዲ የሚባለው የዝንብ በሽታ ፈረስ በማያስቀምጥበት አገር አንድ ፈረስ አቆይተው፣ ጨውና ሳሙና ኩርሙክ የሚያደርሱት በእሱ ነው። ፈረሱ በፊት እግሮቹ መርገጥ አቃተው። እዚያ የተመደበው ባልደረባዬ ደሙን ቀድቶ በአይሱዙ ላከልኝ።

መረመርኩት። ስኳሩ የለም ማለት ይቻላል፤ ፖታሲየሙ ጣሪያ ቀዶ ወጥቷል። ደገምኩት፣ ያው ነው። በዚህ ቁጥር ፈረስ ቀርቶ ዝሆን አይቆምም። አዝኜ መርዶ ልልክ ስነሳ፣ ሰውየው ፈረሳቸውን በሌላ አይሱዙ ጭነው በር ላይ ቆመዋል። ፈረሱ እያነከሰ የቢሮውን የአበባ አጥር ይበላል።

«ዶክተር፣ ደም ምን አለ?»

«አባቴ... ሞቷል ይላል።»

ዞር ብለው አዩት። «ወላሂ? ታዲያ ይሄ አበባ የሚበላ ማነው? ሞተ ከሆነ ልቅበር፣ አልሞተ ከሆነ መድኃኒት ስጥ። አንዱን በል!»

ማሽኑ አብዶ እንደሆነ ብዬ የራሴን ደም ሞከርኩ፤ እኔ ደህና ነኝ። ታዲያ የሞተው ማነው? ግራ ገብቶኝ ስዞር ስዞር ቆይቼ ነው መንገዱ ትዝ ያለኝ። ደሙ ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ፣ በዚያ ኮረኮንች እየተናጠ፣ በፀሐይ እየተቀቀለ ነው የመጣው። ሴሎቹ ግማሹ ፈንድተው ፖታሲየማቸውን ደፍተዋል፤ የተረፉት ስኳሩን በልተው ጨርሰዋል።

«አባቴ፣ የሞተው ደሙ ነው፣ ፈረሱ አይደለም። ትኩስ ደም ያስፈልገናል።»

«አልሐምዱሊላህ!» ገመዱን ጨበጡ። «ና ቅዳ። እግሩም አንሳ፣ ንካ፤ እሳት ነው።»

ፈረሱ አንገቱን ወደ እኔ መለሰ። እኔ ከማሽኑ ኋላ ገባሁ።

«ባልደረባዬ ይምጣ።»

«እሱ ሆሞሻ ነው!»

«ይምጣ።»

«አንተ ምን ሆንክ?»

ባልደረባዬ በማግስቱ መጣ፤ ቀዳ፣ ወዲያው አጣራሁት፣ ፈረሱ በወረቀትም ከሞት ተነሣ። ኮቴው ለምን እንደጋለ ግን ደሙ ትንፍሽ አላለም። ባልደረባዬ ምን እንደበላ ሲጠይቅ ነው፣ የማሽላ ጆንያ ቀዶ እስኪነፋ መብላቱ የተሰማው፤ ፈረስ እህል ሲበዛበት ሕመሙ ኮቴው ላይ ይወርዳል። እግሩ በቀዝቃዛ ውሃ እየተነከረ፣ ውሎ አድሮ ረገጠ።

የሽማግሌው «አንተ ምን ሆንክ?» ግን መልስ ይገባዋል። ፈረስ እፈራለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ኮቴ በእጄ ነክቼ አላውቅም።