ለሳሎኑ መስኮት የሚሆን መስታወት

ምስጥ የቤታችንን መቃን ከውስጥ በልቶት ኖሮ፣ አንድ ቀን መጋረጃ ስሰበስብ እንጨቱ ተፈርፍሮ እጄ ላይ ቀረ። የመስኮቱን አንድ ክንፍ እንዳይወድቅ በሚስማር መታሁት። ያ ግን የሚያዛልቅ አልነበረም፤ በርና መስኮቱን ሁሉ ማስቀየር ግድ ሆነ።

ባለቤቴ ዓይኑ ከደከመ አራት ዓመት አልፎታል። ያኔ ከሐኪም ቤት ሲመለስ "ምን አሉህ?" ብዬ ስጠይቀው "ደህና ነው" አለኝ፤ ደግሜ አልጠየቅኩትም። ፊቴን እንደማይለይ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ግን ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። ጠዋት ከመኝታ ቤት ወጥቶ፣ በቀጥታ ሳሎኑ መስኮት ሥር ያለው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ምን ያህል ብርሃን እንደቀረው፣ መንገዱን በዓይኑ ይሁን በልማድ እንደሚያገኘው አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የምንነጋገር ሰዎች አይደለንም።

ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት የእሷን ቤት መስኮት አስቀይራለች። "ብቻሽን ከሄድሽ ያምታቱሻል" ብላ ተከተለችኝና ከሰፈራችን ከታቦር በባጃጅ ወደ በርና መስኮት ሠሪው ሱቅ ወረድን። ባለሱቁ ትሁት ጎልማሳ ነው። ወንበር አቀረበልንና ጥያቄውን ጀመረ።

"እማማ፣ አሉሚኒየም ይሁን ብረት?"

"ብረት ይዝግ የለም እንዴ?"

"በደንብ ከተቀባ አይዝግም። ተንሸራታች ነው የሚፈልጉት ወይስ ተከፋች? የሳሎኑ በርስ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?"

ሠላሳ ዓመት የከፈትኩት በር ጠፋኝ። ተነሥቼ ሱቁ መሐል ቆምኩና በእጄ አየሩን ገፋሁ፤ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ። ሁለቱም ልክ መሰለኝ። ጎረቤቴ በሳቅ ፈረሰች።

"በሌለ በር ወዴት ልትገቢ ነው፣ አንቺ?"

ለባለቤቴ ደወልኩ። አፍታም አላሰበ። "ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ማጠፊያው በግራ ነው። ደፉን እንዳይነኩት ንገሪያቸው" አለኝ።

"መስታወቱስ ምን ዓይነት ይሁን?"

"አንቺ እንደወደድሽ" አለና ዘጋው።

መስታወቱ ከሁሉም የባሰ ነበር። ባለሱቁ ሰማያዊውን፣ ቡናማውን፣ ጥቁሩን፣ አበባ ያለውን እየደረደረ አሳየኝ። ነጭ የሚሉት ያንኑ የድሮውን፣ ወለል አድርጎ የሚያሳየውን ነው። ያየሁት ሁሉ ተቀላቀለብኝ።

"ጥቁሩን አድርጊ" አለች ጎረቤቴ። "አንቺ ታያለሽ እንጂ ማንም አያይሽም። የእኔን ቤት አላየሽም? ዝንቧ እንኳ መልኳን አይታበት ነው የምትመለሰው።"

"አሁን ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያሠራው" አለ ባለሱቁ። "ሙቀትም ይከለክላል። እሺ ካሉ ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን።"

እሺ አልኩ። ጥቁሩን አንሥቼ ሳየው የገዛ ፊቴን አሳየኝ። አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

"ልጄ፣ ቁራጭ ካለህ ስጠኝ፤ ቤት ወስጄ ልየው" አልኩት። እስከ ጉልበቴ የሚደርሱ ሁለት ቁራጮች፣ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ፣ በካርቶን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቤት ስደርስ ቀትር ሆኗል። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሬዲዮ ይሰማል። ምንም ሳልነግረው ጥቁሩን አንሥቼ ሳይቸነከር በቀረው ክንፍ ላይ ጋረድኩት።

"ደመና ገባ?" አለኝ።

ክንዴ ሲዝል አወረድኩት።

"አለፈ" አለ።

ነጩን አነሣሁ። ሬዲዮውን መስማቱን ቀጠለ። ጥቁሩን መለስኩት።

"ሊዘንብ ነው መሰለኝ። ልብስ አስጥተሽ ከሆነ አስገቢ።"

"እሺ" አልኩትና ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሸሚዞቹ ገና እርጥብ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ሰበሰብኳቸው። ጎረቤቴ በአጥር በኩል ብቅ አለች።

"ምን ነካሽ ዛሬ? በዚህ ፀሐይ ልብስ ይገባል?"

"ይበቃዋል" አልኳት።

ከማድ ቤት ሆኜ ለባለሱቁ ደወልኩ። "ነጩን አድርግልኝ።"

"እማማ፣ ከመንገድ ሳሎንዎ ቁልጭ ብሎ ይታያል እኮ! ጥቁሩን ተስማምተን አልነበር?"

"ይታይ" አልኩት።

መስኮቶቹ በተገጠሙ ማግሥት ባለቤቴ እንደወትሮው ከመኝታ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ዳሰሰ።

"ነጭ ነው?" አለኝ።

"ነጭ ነው።"

"ደግ አደረግሽ።" ቀጥሎም፣ "ያን ዕለት ልብሱ ደርቆ ነበር?" አለ።

"አልደረቀም ነበር።"

ራሱን ነቀነቀና ሬዲዮውን ከፈተ። ያን ዕለት የማደርገውን አውቆ ነበር ወይስ በኋላ ነው የገባው? እስካሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኩትምም። መጋረጃውን ወደ ጎን ሰብስቤ አሰርኩት።