ከተኙት መደርደሪያ የወጣው ፋይል

በክሊኒኩ መዝገብ ቤት ያለ እሱ ማኅተም አንድም ፋይል አይወጣም፤ ስለዚህ ሁሉም «ሚኒስትሩ» ይሉታል። ዳውን ሲንድረም ያለበት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሐኪም የቸኮለ እንደሆነ፣ የረገጠውን ማኅተም ሆን ብሎ እስኪደርቅ እፍ እፍ ይልበታል።

ዘንድሮ ግን ዝግታው ከቀልድ አለፈ። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። በሙቀት ካፖርቱን አያወልቅም። ድምፁ ጎርንኗል፣ ፊቱ አባብጧል። ዘበኛው «ሚኒስትራችን ጡረታ አማራቸው» ይላል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ታላቅ እኅቱ ናት፤ እሷም «ተፈጥሮው ነው» ብላ ታልፈዋለች። ማክሰኞ ዕለት ማኅተሙን ለሌላ ሠራተኛ ልትሰጥ እንደሆነ ነገረችው።

«ማኅተሜን?»

«ለጊዜው ነው፣ ወንድምዓለም። ትናንት ሦስት ፋይል ላይ ተኛህ።»

«አራት ነው» አለ ቅር ብሎት።

እኅቱ ባወጣችው ደንብ መሠረት ሦስት ዓመት ያልተከፈተ ፋይል «የተኙት» ወደሚባለው የጓዳ መደርደሪያ ይሄዳል። ሚኒስትሩ በማግስቱ እዚያ ገብቶ የራሱን ፋይል አወጣ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ማኅተም ረገጠበት፣ ከዕለቱ ወረፋ አናት ላይ ጭኖ ለሐኪሟ አስገባላት። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ስሙ ሲጠራ እኅቱ ሰምታ ተከትላው ገባች። «ይህን ማን አወጣው?»

«ማኅተም አለው» አለ።

ሐኪሟ ፋይሉን አገላበጠች። «የታይሮይድ ምርመራ በየዓመቱ ያደርግ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ የለም። ማን ነበር የሚያመጣው?»

«እማዬ» አለ ሚኒስትሩ።

እናታቸው ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ፋይሉን የተኙት ላይ ያስቀመጠችው እኅቱ ራሷ ነበረች፤ ሽፋኑ ላይ የእናቷን ፊርማ ስታይ መግለጥ አቅቷት።

«ተፈጥሮው መስሎኝ፣ ዶክተር» አለች እኅቱ።

«ተፈጥሮውም አለበት። ሃያ አንደኛው ክሮሞሶም እኛ ጋ ሁለት ቅጂ ነው፣ እሱ ጋ ሦስት። እዚያ ላይ የሰውነት መከላከያን የሚመሩ ጂኖች አሉ። በትርፉ ቅጂ የተነሣ መከላከያው ተሳስቶ አንገት ላይ ያለችውን የታይሮይድ ዕጢ ያጠቃል ተብሎ ይታሰባል፤ ገና ያልታወቀም ብዙ ነው። ደሙ ይታይ። ዕጢዋ ደክማ ከሆነ እንቅልፉም ብርዱም እብጠቱም ከዚያ ነው፤ ክኒን አለው።»

«ትርፍ ቅጂ» አለ ሚኒስትሩ፣ እኅቱን በጎን እያየ። «አንቺ ትርፍ ቅጂ ስታገኚ ቅደዱት ነው የምትይው።»

«ዝም በል አንተ» አለች፤ ሳቅና እንባ ተናንቀዋት።

የደም ውጤቱ ሐኪሟ እንደጠረጠረችው ሆነ። ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን መዋጥ በጀመረ በሦስተኛው ወር ካፖርቱ ከምስማሩ ላይ አልወርድ አለ። ማኅተሙም ለማንም ሳይሰጥ በእጁ ቀረ።

አንድ ቀን እኅቱ ፋይሉን ይዛ መጣች። ከእናታቸው ፊርማ በታች የራሷን ፈርማለች፤ ጎን ላይ «በየዓመቱ ይከፈት» ብላ ጽፋለች።

«ቶሎ ምታልኝ፣ ስብሰባ አለብኝ።»

ሚኒስትሩ መታ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀለሙን እፍ ይል ጀመር፣ ቀስ ብሎ።

«ይደርቃል፣ እታለም» አለ። «ወረፋሽን ጠብቂ።»