የኬላው ፍየል

ሸዋሮቢት በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ የትራንስፖርት ድርጅቶች የጫኑትን ዕቃ ዝርዝር መኪናው ኬላ ከመድረሱ በፊት በኮምፒውተር እንዲያሳውቁ ስለሚያደርገው አዲስ አሠራር ገለጻ ሲሰጥ፣ እኔ ለዘገባ ተልኬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ውጭ በቆመ አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ላይ አንዲት ፍየል የፊት እግሮቿን ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና የካሶኒውን እንጨት ትልሳለች። ገላጩ ወጣት «መረጃው ከጭነቱ ቀድሞ ይደርሳል» ሲል እኔ በሐሳቤ ወደ ልጅነቴ ሄጃለሁ።

ያኔ ቤታችን ከዚሁ ከተማ መውጫ፣ ከኬላው ገመድ አለፍ ብሎ ነበር። ፈታሹ ጋሼ ተሰማ ያበጡ ጉልበቶችና ንጹሕ ኅሊና ነበሯቸው፤ ጉልበታቸው መኪና ላይ እንዲወጡ አይፈቅድላቸውም፣ ኅሊናቸው ደግሞ ሳይፈትሹ እንዲያሳልፉ። ሁለቱን ያስታረቀችው የእናቴ ፍየል ዳለቻ ናት። በዚያ ሙቀት ጨው የሚያምራት ዳለቻ፣ ከአፋር በኩል የጨው መኪና መጥቶ ገመዱ ጋ ሲቆም ከተኛችበት ጥላ ተነሥታ ትሄድለታለች። ሹፌሩ «ጨው ነው» ብሎ እሷ ካልተነሣች ከሸራው ሥር ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅ እየደጋገመች ስላስያዘች ጋሼ ተሰማ ምሳቸውን ያካፍሏት ጀመር፤ እናቴም ለፍየሏ ደመወዝ እንዲቆረጥላት ጠየቀች፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጌታሁን የሚባል ሹፌር መጣ። በማግስቱ ደብረ ሲና ላይ ሠርጉ ነው፤ የጫነውም የራሱን የቤት ዕቃ ነው። የሙሽራዋ አባት ግን ከዚያ በፊት በቀጠሮ አርፍዶባቸው ተቀይመዋል፤ ዕቃው ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልገባ ሠርግ የለም ብለውታል። «አልጋና ፍራሽ ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለ ጌታሁን። ዳለቻ ግን ተነሥታ መጣች፤ ካሶኒውንም እንደ እናቷ ጡት ያዘችው።

«ይውረድ» አሉ ጋሼ ተሰማ።

«እኔን ትተው ፍየል ያምናሉ?»

«ፍየል ጉቦ አትበላም።»

«ታዲያ ከመኪናዬ ላይ የምትልሰው ምንድን ነው?»

ዕቃው ወረደ። ቁም ሳጥኑ አስፋልት ዳር ቆመ፣ አልጋው ተዘረጋ፣ የባጃጅ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ተሰብስቦ ስለ ፍራሹ ውፍረት አስተያየት ሰጠ፤ ዳለቻም በመጨረሻ ፍራሹ ላይ ወጥታ ተኛች። አንዲት ፍንካች ጨው አልተገኘም። ረዳቱ ነገሩ የገባው ያኔ ነው፤ ባለፈው ጉዞ ጨው ጭነው ጣርማ በር ላይ ዝናብ መትቷቸው፣ እንጨቱ ጠጥቶት ኖሯል። ዳለቻ አልዋሸችም፤ የተናገረችው ስላለፈው ጭነት ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላለች። ጋሼ ተሰማ ቆባቸውን አስተካከሉ፤ ሊያይ የመጣውን ሰው ሁሉ ዕቃውን መልሶ እንዲጭን አዘዙ፤ የኬላውን ገመድ ለእናቴ አስጨበጡና፣ በሦስት ሰው ተገፍተው ጋቢና ገቡ።

የሆነውን በኋላ የነገረን ጌታሁን ነው። ደብረ ሲና ሲደርሱ ጨልሞ፣ የሙሽራዋ አባት በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሼ ተሰማ በእነዚያ ጉልበቶች ዳገቱን ወጥተው «ልጁ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ያሳሳተችኝ ደግሞ ፍየል ናት» አሉ። ሰውየው መጀመሪያ የሰከሩ መስሏቸው ጠጋ ብለው አሸተቷቸው። ከዚያ ነገሩን እንደገና አስነግረው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሠርጉም ሆነ። ጋሼ ተሰማ ሰኞ ተመልሰው ገመዱን ሲረከቡ፣ እናቴ አንድም መኪና ሳታስቆም ሁሉንም አሳልፋ ነበር።

አሁን ኬላውም የለም፣ እሳቸውም የሉም። እውነቱን ለመናገር፣ አዲሱ አሠራር ያኔ ቢኖር ጌታሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ በደረሰ ነበር፤ ይህንንም በዘገባዬ አስፍሬዋለሁ። ገላጩ ጥያቄ ካለ ሲል ግን እጄን አወጣሁ።

«ሲስተሙ ተሳስቶ አንድ ሹፌር ቢያስቀር፣ ለሚጠብቁት ሰዎች ሄዶ የሚያስረዳላቸው ማነው?»

ወጣቱ፣ «ቅሬታውን በዚያው በሲስተሙ ማቅረብ ይችላል» አለ።

አመስግኜ ተቀመጥኩ። ፍየሏ አሁንም ትልሳለች።