ባዶው ቀፎ አሰብ ባሕር ላይ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ባዶ የነዳጅ ቦቴ ላይ ተሳፍሬ ነው። እግሬ ሥር አንድ ወፍራም የብረት ቀፎ፣ ጭኔ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መሣሪያ ይዣለሁ። መሣሪያው የጥልቅ ባሕርን ሙቀትና የውሃ እንቅስቃሴ ይመዘግባል፤ ያለን እሱ ብቻ ነው። ቀፎውን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራው ከላይ የሚጫነውን ውሃ ችሎ መሣሪያውን ማዳን ነው። ውሃ ከገባበት መሣሪያው አለቀለት፤ እኔም። ጎረቤት ወርክሾፕ የነበረ ባለሙያ ማሽን ተሰበረበትና «አሻጥረኛ» ተብሎ ተወሰደ። የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ኮምቦልቻ ላይ ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ጥብስ አዘዘ። እኔን ግን ምግቡ አልወርድልህ አለኝ።

«ብላ እንጂ ኢንጂነር፤ ከሚሌ ወዲያ የምትጠግበው አቧራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ደባይሲማ

አሰብ መንገድ ላይ ካለው የደባይሲማ ኬላ ስንደርስ አንድ ወታደር ቀፎውን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ቦምብ ነው?»

«ባዶ ብረት ነው ጓድ።»

«ክፈተው።»

ቡሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን አነሣሁ። ወታደሩ ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት በአሸዋማ ጣቱ ዳሰሰው። አንዲት ፍሬ አሸዋ ለውሃ በር ናት፤ ግን «አትንካ» የሚል አፍ ከየት ይምጣ? አሰብ እስክንገባ ከዓይኔ ያልጠፋው ያ ጣት ነበር።

አሰብ

ቀለበቱን ላብ እያጠመቀኝ ደጋግሜ አጠብኩት። በማግስቱ ሥራውን የሚቆጣጠረው ካድሬ ጓድ ግርማ ወደ ጥልቁ የምትወስደን ጀልባ ላይ ጠበቀኝ። ሥራውን የሚጎበኙ እንግዶች ስለሚመጡ መሣሪያው ዛሬውኑ ባሕር ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋል።

ጥልቁ ጋ ስንደርስ «መጀመሪያ ቀፎውን ባዶውን እናውርደው» አልኩ።

«ሥራህን አታምነውም ማለት ነው?» አለኝ ካድሬው።

«እፈራለሁ ጓድ።»

በዚያ ዘመን ለካድሬ እንዲህ አይባልም። አፈጠጠብኝ። መሪውን የያዙት የበይሉል መንደር ሰው፣ የጀልባው አለቃ ናኹዳ ዓሊ ናቸው የተናገሩት፦

«ወላሂ፣ እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ባሕር ስገባ እፈራለሁ። የማይፈራ ሰው ጀልባዬ ላይ አልጭንም።»

ካድሬው ፊቱን አዞረ። «አውርዱት» አለ።

ገመዱ ሲጎተት ቀፎው ውሃ ሞልቶ ወጣ። አሸዋው አልነበረም ጥፋቱ፤ ጠፍጣፋ አድርጌ የሠራሁት ክዳን ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። እንደ ጉልላት አሳብጬ ልሠራው ይገባኝ ነበር።

«መሣሪያው ውስጡ ቢሆን ኖሮ?» አለ ካድሬው።

«አልቆለት ነበር።»

«እኛስ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለካ እሱም ይፈራል።

ቤት

መሣሪያውን ደህና እንደታቀፍኩ ተመለስኩ። ከጉዞው የተማርኩት ፍርሃትን ዋጥ ማድረግ ብረትም ሰውም እንደሚያስፈጅ ነው። ባለቤቴ በሩን ከፈተችልኝ።

«ተሳካልህ?»

«አልተሳካም። ፈራሁ፣ መፍራቴንም ተናገርኩ።»

በሩን ዘጋችና አቀፈችኝ። «እንኳን ፈራህ» አለች።