የሰሊሆም ሰላምታና የቀኝ ቅልጥሟ

ሰሊሆም ሰው ሳትሰላም ማለፍ አትችልም። ለወግ ያህል የሚባል አይደለም፤ የምር አትችልም። ያደገችው ጨንቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ታላቁን ዝም ብሎ ያለፈ ልጅ፣ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። አርባ ምንጭ ወርዳ ሴቻ አክስቷ ቤት ከገባች፣ ከታች ሲቀላ ሰፈርም ሙዝ የመለየት ሥራ ከጀመረች ወዲህ ይህ ጠባይዋ አልለቀቃትም።

ሌላው የማትችለው ነገር ሳትሮጥ መዋል ነው። ማለዳ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ዳገቱን ሽቅብ ትመለሳለች። ያያት ሁሉ «ይቺ ልጅ ሩቅ ትደርሳለች» ይል ነበር። የደረሰችው ግን ሐኪም ቤት ነው። ቀኝ ቅልጥሟን ያማታል፤ ስታርፍ ይተዋታል፣ ስትሮጥ ይነሣባታል። አምና የምትሮጥለት ክለብ ሯጮቹን በሚለይበት የጎዳና ውድድር፣ ከፊተኞቹ ጋር እየሮጠች ሳለ አነከሰችና አቋርጣ ወጣች። ዘንድሮም ካልጨረሰች ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነገሯት። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልበላ አላት።

አሰልጣኟ ዘካሪያስ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ሰው ነው። ሜዳ ላይ አሮጣት፤ በስልኩ ከጎንም ከኋላም ቀረጻት፤ ቪዲዮውን አዘግይቶ ደጋግሞ አየው። እግሯ ከሰውነቷ ሥር ያርፋል እንጂ ወደ ፊት ተወርውሮ በተረከዙ አይመታም። ክንዷም ትከሻዋም ደህና ነው።

«ምንም አላገኘሁብሽም» አላት ራሱን እያከከ።

«ታዲያ እግሬ ዝም ብሎ ነው የሚያመኝ?» አለች፤ እንባዋ ደርሶ ነበር።

«ነገ መንገድሽ ላይ ልይሽ።»

በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ እየቀረጸ ከኋላ ተከተላት። ቪዲዮውን መንገድ ዳር ቆመው ሲያዩት ቀድሞ የሣቀው የባጃጁ ሹፌር ነው። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች በቀኟ በኩል በየደጃፋቸው ቆመዋል። ሰሊሆም እያንዳንዳቸው ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ ትላለች፣ ቀኝ እጇን ትዘረጋለች፣ በግራዋ ክርኗን ትደግፋለች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሩጫው አልቆመም።

«ሰዎቹን ተያቸውና እግርሽን እይ» አለ ዘካሪያስ። «ወደ ቀኝ በተጣመምሽ ቁጥር ቀኝ እግርሽ መሀሉን አልፎ በግራ በኩል ያርፋል፤ ጫናው ቅልጥምሽ ላይ ይወድቃል። ክንድሽም ሥራውን ትቷል። ዳገቱን ማን ይግፋልሽ?»

ሰሊሆም አፏን ያዘች። በጨዋነቷ ትታመማለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«በቃ፣ ሳትሰላሚ እለፊ።»

ሞከረችው። ረፋዱ ላይ አክስቷ ዘንድ ሦስት ሰው መጥቶ «ልጅቷ ታማለች ወይስ ኮርታለች?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ካሱ «ምን በድያት ነው?» ብለው ከልባቸው አዘኑ። በመንገዱ ግራ በኩል ብትሮጥ ደግሞ፣ ሰዎቹ ተሻግረው ጠበቋት። ወደ ሰላምታዋ ተመለሰች፤ ሕመሙም ተመለሰ። ሌላ መንገድ እንዳትመርጥ፣ ውድድሩ የሚያልፈው በዚሁ ደጃፍ ነው።

በመጨረሻ ዘካሪያስ ስልኩን ይዞ ጋሽ ካሱ ቤት ሄደ። ጋሽ ካሱ መነጽራቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁትን ራሳቸውን አዩ፤ ቀጥሎም የልጅቷን እግር አዩ።

«እንግዲያ ያሳመምኳት እኔ ነኝ?»

«ሰላምታዎ ነው፣ ጋሽዬ።»

«እሷን ተዋት፤ ሰፈሩን ለኔ ተወው» አሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለሁሉም አስረዱ፤ ሰሊሆም ስትሮጥ ማንም እጁን አይዘረጋም፣ እሷም ልምምዷን ስትጨርስ በእግሯ ተመልሳ ሁሉንም ትሰላማለች። ተስማሙ። ዘካሪያስ በየሳምንቱ እየቀረጸ አሳያት፤ እግሯ እየተቃና ሄደ፣ ቅልጥሟም ዝም አለላት። ግን አንገቷ አሁንም ሳታስበው ዞር ይላል። የሰው ዓይን ካየች እጇ አይታዘዛትም፤ በውድድሩ ቀን የሚያስፈራት እሱ ብቻ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ዳገቱን ስትጀምር ከፊቷ ሁለት ሯጮች ነበሩ። ሰፈሯ ስትገባ ልቧ ፈራ፤ ቀኝ ክንዷ ገና ከሩቁ ሊዘረጋ ቃጣው። ቀና ስትል ግን የምትሰላመው ፊት አጣች። ሰፈሩ በሙሉ፣ ጋሽ ካሱን አስቀድሞ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሟል።

«ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ካሱ ለአጥሩ።

ሳቋ አመለጣት። ክንዷ ቀጥ ብሎ ሠራ፣ እግሯ ቀጥ ብሎ አረፈ፤ ዳገቱ ሳያልቅ ከሁለቱ አንዷን አለፈቻት። ሁለተኛ ወጥታ፣ ሳታነክስ ጨረሰች፤ ቦታዋም ጸናላት።

ጋሽ ካሱ ሯጮቹ ሁሉ አልፈው እስኪያልቁ ከአጥሩ አልዞሩም። ከዚያ አጠገባቸው የቆመውን ሰው፣ «ለመሆኑ አሯሯጧ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁት። እሱም አላየም።