ጉሮሮ የማይከረክር ዘይት

በዘይት ማሸጊያው ድርጅት በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ «አፍንጬ» ነበር የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበርሜል በርሜል እየዞረ ሲያሸትና ሲቀምስ ኖሯል። የመጣውን የወይራ ዘይት በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳና በመዳፉ ሸፍኖ ካሞቀው በኋላ አንዴ ይምገዋል። አዲስ የታጨደ ሣር ከሸተተው፣ ምላስ ላይ መረር ብሎ ጉሮሮ ከከረከረ፣ «ይሄ ዘይት ነው» ይላል። ለአዲስ ሠራተኞችም «ደህና ዘይት ይቆጣሃል እንጂ አያባብልህም» ይላቸው ነበር።

ሽማግሌው አሠሪ ሞቶ ልጁ ድርጅቱን ሲረከብ ነገር ተበላሸ። ርካሽ የአኩሪ አተር ዘይት በቦቴ ይገባ ጀመር። ጥቂት የወይራ ዘይትና አረንጓዴ ማቅለሚያ ይጨመርበትና በዚያው በድሮው ጠርሙስ ይታሸጋል።

«አንተ ቀለሙን ብቻ አስተካክልልኝ፤ አፍህን ለምግብ አቆየው» አለው ልጁ።

አፍንጬ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና አፉን ዘጋ፤ የጥራት ወረቀቱ ላይም እንደ ወትሮው ይፈርም ጀመር።

በዚያው ዓመት የታናሽ እህቱን ባል ልቡን አመመው። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጮማና ጨዋታ ወዳድ። ሐኪሙ እህቲቱን አስጠርቶ «ቅቤና ጮማ ይቅር። ምግቡን በወይራ ዘይት ሥሪለት፤ ለልብ ይሻላል። መድኃኒቱ ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ» አላት። እሷም ከሱቁ መደርደሪያ ላይ የወንድሟን ድርጅት ጠርሙስ መርጣ ገዛች። ወንድሜ የቀመሰው ነው ብላ።

እሑድ ምሳ ጠራችው። ባቄላ በቲማቲም ሠርታ፣ ከላይ ዘይቱን አፍስሳበታለች።

«አማቼ፣» አለ ሹፌሩ ዳቦውን እያጠቀሰ፣ «ዕድሜ ልኬን የመኪና ዘይት ስቀይር ኖሬ፣ ይኸው ዛሬ የእኔ ተቀየረ!»

ተሳሳቁ። አፍንጬ ጎረሰ። ሣሩ የለም፣ ምሬቱ የለም። አላመጠና ዋጠው።

በሳምንቱ፣ ለተቆጣጣሪ ማሳያ ከተቀመጠችው ከአንዲቷ በርሜል እውነተኛውን ዘይት ቀድቶ ወሰደላቸው። «አዲስ ምርት ነው፣ ከዚህ ብቻ ተጠቀሙ» አላቸው። ቀጥሎ ሲሄድ ግን እህቱ በሐፍረት አቀረቀረች።

«አትቀየመኝ ወንድምዬ፣ ደፋሁት። መረረው፤ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ተበላሽቷል አለ። ወደ ድሮው ተመለስን።»

ደህናውስ እሱ ነው ቢል፣ ያኛውስ ምንድን ነው መባሉ አይቀርም። «እንግዲህ ልምድ ነው» አላት።

ሹፌሩ ግን በጠርሙሱ ተማመነ። በየማለዳው አንድ ማንኪያ ይጠጣል፤ ክኒኑን ደግሞ ከሚስቱ እየደበቀ ይተው ጀመር። አንድ ሐሙስ ጠዋት የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር እንደተደፋ ቀረ። ክኒኖቹን ሚስቱ ከኮቱ ኪስ በወረቀት ተጠቅልለው አገኘቻቸው።

ለቀስተኛው ሲበተን አፍንጬ ወጥ ቤት ገብቶ ለእህቱ ሁሉንም ነገራት። ሳህን ታጥብ ነበር፤ ውኃውን ዘጋች።

«መቼ አወቅህ?»

«የዚያን እሑድ። ገና ስጎርሰው።»

«ገበታዬ ላይ ተቀምጠህ?»

«እውነተኛው ዘይትም ቢሆን ያለ መድኃኒት አያድነውም ነበር፣ እህቴ።»

«አያድነው ይሆናል። አንተ ግን ሲበላ እያየህ ዝም አልክ።» እጇን በፎጣ አደረቀች። «በል ውጣልኝ።»

በማግስቱ አፍንጬ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ተቆጣጣሪዎቹ እስኪመጡ በርሜሎቹ ታጥበው ደርቀዋል። የሽማግሌው አሠሪ ልጅ የጥራት ወረቀቶቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ እያንዳንዱ ላይ የአፍንጬ ፊርማ አለ። ከሥራ የተባረረው እሱ ብቻ ነበር። ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት ማሸጉን ቀጠለ።

አሁን ከከተማው ዳር ሳሙና ማምረቻ ውስጥ ከየምግብ ቤቱ የሚሰበሰብ የተቃጠለ ዘይት ያጣራል። ሽታው ከልብሱ አይለቅም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገቡ አይቀመጥም።

እህቱን ከሁለት ዓመት በኋላ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ አገኛት። ከፊቱ ቆማለች፣ ከስታለች። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ። እሷ ግን ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

«ይለፉ አባቴ፣» አለችው፣ ለማያውቁት ሽማግሌ እንደሚባለው፣ «እርስዎ ይቅደሙ።»