የጎማ ፈተና በድሬ ቁልቁለት

ከናዝሬት ጣቢያ

ብስክሌቴን የባቡሩ ዕቃ መጫኛ ፉርጎ ውስጥ በገመድ ሳስር ተቆጣጣሪው አየኝና "ጓድ፣ ይዘኸው ከምትሄድ ለምን አትጋልበውም?" ብሎ ቀለደብኝ። የናዝሬትን ነፋስ ሰንጥቄ የማልፍ ሰው መሆኔን ቢያውቅ አፉን ይዘጋ ነበር። የፋብሪካችን የብስክሌት ቡድን መሪ ነኝ። ዋንጫችን ድሬ ዳዋ ከገባ ሰንብቷል። በሚመጣው እሑድ ናዝሬት ላይ በሚደረገው ውድድር ካላስመለስኩት ቦታዬን ለሌላ እንደምለቅ ለስፖርት ኃላፊያችን ቃል ገብቻለሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጥንድ ጎማ ይዣለሁ፤ አንዱ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ቀጭን፣ ሌላው አሮጌ የጣሊያን። የትኛው ይሮጣል? ይህን አጣርተው የሚፈትኑ ድሬዎች ናቸው ስለተባልኩ፣ ወደ ባላንጣዬ ቤት መሄዴ ነው።

ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አብሮን ተሳፈረ። ኤረር ላይ ሴቶች ብርቱካን በዘንቢል ይዘው ወደ መስኮቱ ተንጠራሩ። በስሙኒ የገዛሁት እስከ ድሬ አደረሰኝ።

ድሬ፣ አመሻሽ ላይ

አብዲ የጣቢያው በር ላይ ጠበቀኝ። ዋንጫውን የወሰደብን የድሬ ቡድን መሪ እሱ ነው።

"አቦ፣ ከሳህ እኮ! ጀርመኖቹን አመጣሃቸው?" ብሎ አቀፈኝ።

ድሬ ላይ "እርስዎ" የሚሉት ነገር የለም። ሽማግሌውም ልጁም አንተ ነው። ምስጢርም እንደዚያው የሁሉ ነው መሰለኝ፣ አብዲ ቤቱ እስክንደርስ የገዛ ጎማው ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደሚነፋው፣ የት ላይ እንደሚያንሸራትተው አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። ለባላንጣ! በልቤ ሳቅሁበት።

ጠዋት፣ ቁልቁለቱ ላይ

ፈጢራ በሻይ በልተን ወደ ደቻቱ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ገና አልተነሣም። ቤንዚን በራሽን ስለሆነ መኪናም እምብዛም የለም። ሕጉ ቀላል ነው፦ አንድ ብስክሌት፣ አንድ ጋላቢ፣ አንድ የጠመኔ መስመር፤ የሚለወጠው ጎማው ብቻ። ፔዳል አይረገጥም፣ ፍሬን አይያዝም። አጎንብሶ መልቀቅ ነው። ብስክሌቱ ሜዳው ላይ ደርሶ በቃኝ ሲል የፊት ጎማው ባለበት መንገድ ዳር ድንጋይ ይቀመጣል።

ድንጋዩን የምታስቀምጠው አዴ ፋጡማ ናት፤ እዚያው ለውዝ የምትሸጥ፣ ማንንም የማትፈራ እናት። ጋላቢውን የጎማውን ዓይነትና በውስጡ ያለውን የነፋስ ልክ ትጠይቅና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ጮክ ብላ ትናገረዋለች። ቀፊራ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ሰምቶ፣ ድንጋዩንም አይቶ ያልፋል። ልኩን ለደበቀ ድንጋይ የለም።

መጀመሪያ የጣሊያኑን ጎማ፣ ቀጥሎ የአብዲን በእኔው ብስክሌት ላይ ገጥመን ለቀቅኋቸው። የአብዲ በለጠ። ከዚያ ጀርመኖቹን አጠንክሬ ነፋኋቸው። ጎማ በጠነከረ ቁጥር እንደሚሮጥ ማን ያጣዋል! ብስክሌቱ ግን የተላላጠው አስፋልት ላይ እየነጠረ፣ ጥርሴን እያንቀጫቀጨ ወርዶ ከሁለቱም ድንጋዮች ወደ ኋላ ቀረ። ለውዝ የሚገዛው ሁሉ ሳቀብኝ። ተናደድኩ።

"ድገመው አቦ፣ አንዴ ፈተና አይባልም" አለኝ አብዲ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ስወጣ ከኋላው ጎማ "ሽሽ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካላማዳሪው፣ የውስጡ ጎማ ማለቴ ነው፣ እየተነፈሰ ነው። ያን ሁሉ ሳቅ ሰምቼ ደግሞ "ተነፈሰብኝ" ልበል? ዝም ብዬ ለቀቅሁት። መንጠሩ ጠፋ! ብስክሌቱ ጠጠሩን እየዋጠ ወረደ፣ የአብዲን ድንጋይ አለፈ፣ ከቆሙት ሁሉ ርቆ ቆመ። ሰዉ ጮኸ። ምክንያቱን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አዴ ፋጡማ ድንጋይ ይዛ መጣች። "ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ የጎማው ነፋስ እንደ ቅድሙ ነው?"

አዎ ብል ምስጢሩ የእኔ ነው፤ ዋንጫውም፣ ቦታዬም። አብዲን አየሁት። ትናንት ከጣቢያ ጀምሮ የነገረኝ ሁሉ ትዝ አለኝ።

"አይደለም፣ ተንፍሷል" አልኩ። "በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ይሰምጣል። እዚህ መንገድ ላይ የሚሮጠው ለስለስ ያለው ነው።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!" ብላ ሳቀች። ድንጋዩን ግን ልኩ ሳይለይ አላስቀመጠችም። ቀዳዳውን ለጥፈን፣ ነፋሱን ሆን ብለን ቀንሰን ደገምነው። እዚያው ደርሶ ቆመ። ያኔ ድንጋዩን አስቀመጠችና ስሜን ከነነፋሱ ልክ በሦስት ቋንቋ ጠራች። እንደዚያ ጠዋት ኮርቼ አላውቅም።

ናዝሬት

የአብዲ ቡድንና እኔ በአንድ ባቡር መጣን። እሑድ ዕለት የድሬዎችም የእኛም ጎማ ለስለስ ብሎ ተነፍቶ ነበር። እስከ መጨረሻው ተናንቀን አብዲ በግማሽ ጎማ ቀደመኝ። ቃሌን ጠብቄ ቦታዬን ለቀቅሁ። ቆጭቶኛል፣ አልዋሽም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ የጎማን ነገር ብቻ አይደለም። ያወቁትን ለባላንጣ ነግሮ በእግር ጉልበት መቅደም እንዳለ አይቻለሁ። በማግስቱ የቡድናችንን ልጆች ይዤ ጠመኔ የሚሰመርበት ቁልቁለት ፍለጋ ስወጣ የስፖርት ኃላፊያችን መንገድ ላይ አገኘኝ።

"ምስጢሩን ባትነግራቸው ኖሮ ዋንጫው የእኛ ነበር!" ብሎ ጮኸብኝ።

"ጓድ፣ ዋንጫ ቤት ይለዋውጣል" አልኩት። "ድሬ ላይ ግን ከሁሉም ርቆ የቆመው ድንጋይ የእኔ ነው።"